ከሶኬት እስከ ባይንድ ያለችው ክፍተት

መስመሯ እንዲህ ትነበብ ነበር፦ ሰርቨር አስጀምር፤ አይፒቪ6፣ 0፣ 3000፣ ትሩ፣ ፎልስ፣ ፎልስ፣ ትሩ። ሰባት ነገር በአንድ ቅንፍ ውስጥ ተደርድሯል። ቡድናችንን ከተቀላቀለች ገና ጥቂት ሳምንት የሆናት ባልደረባዬ ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችና ጣቷን መሃል ላይ አሳረፈች።

«ይህቺ ሁለተኛዋ ፎልስ ምንድን ናት?»

ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ ግን ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ፈንክሽኑ የተጻፈበትን ቦታ ፈለግኩ፣ ከግራ ጀምሬ ቆጠርኩ። «ሶኬቱ ኖንብሎኪንግ ይሁን አይሁን የሚለው ነው» አልኳት። ሶኬት ፕሮግራም በኔትወርክ የሚገናኝበት ጫፍ ነው፤ ኖንብሎኪንግ ከሆነ የተጠየቀው ወዲያው ካልተቻለ ሳይጠብቅ ይመለሳል። አመሰገነችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ቀልቤ እዚያው መስመር ላይ ቀረ። ቴስት ለሌላ ሰው የሚጻፍ ነገር ነው። ኮዱ ምን እንደሚሠራና መቼ ተሰበረ እንደሚባል ይነግራል። የጻፈው ሰው እንኳ ሳይቆጥር ሊያነበው ካልቻለ ለማን ነው የሚነግረው?

በማግስቱ ሄልፐሩን፣ ማለትም ያቺ መስመር የምትጠራውንና ለቴስቶች ዝግጅቱን የሚሠራላቸውን ፈንክሽን፣ ማስተካከል ጀመርኩ። ሁለት ቀን የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። በመሃሉም ለወራት አረንጓዴ የነበረ (ያለፈ ቴስት አረንጓዴ፣ የወደቀ ቀይ ይሆናል) አንድ ቴስት ምንም ነገር ሲፈትን እንዳልነበረ ደረስኩበት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ሶኬት ነክቶ የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ሶኬት ይፈጠራል። ባይንድ ተብሎ ከአድራሻና ከፖርት (ማሽኑ ላይ ግንኙነቱን ከሚለይ ቁጥር) ጋር ይታሰራል። ጠሪ እንዲጠባበቅ ሊስን ይባላል። ከወዲያ በኩል ክላየንቱ ኮኔክት ይላል፣ ከወዲህ ሰርቨሩ አክሰፕት ብሎ ይቀበለዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. 4.2ቢኤስዲ ከሚባለው የዩኒክስ ዓይነት ጋር የወጣው አሠራር ይህ ነው፤ ዛሬም ያው ነው። በየእርምጃው ስህተት መኖሩን ማየት አለ። የሆነ ቦታ ከተበላሸ የተከፈተውን መዝጋት አለ። ይህን ሁሉ በየቴስቱ መድገም እጅ ያታክታል፤ ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ቴስቱ ሊናገር የፈለገው ሦስት መስመር በአርባ መስመር ዝግጅት ሥር ይቀበራል። ሄልፐር የሚጻፈው ለዚህ ነው።

የእኛ ሄልፐር ሲወለድ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ የአድራሻ ዓይነትና ፖርት። የሚያዳምጥ ሶኬት ይመልሳል። አለቀ።

ፖርቱ መጀመሪያ ቋሚ ቁጥር ነበር። ቴስቱ አንዴ ሲሄድ ያልፋል፤ ወዲያው ሲደገም «አድራሻው ተይዟል» ብሎ ይወድቃል። ምክንያቱን አሁን ሳስበው ቀላል ነው። በቲሲፒ (ማሽኖች ውሂብ በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ግንኙነቱን ቀድሞ የዘጋው ወገን ታይም-ዌት የሚባል ሁኔታ ውስጥ ይቆያል። ሊኑክስ ላይ ይህ 60 ሰከንድ ነው። የዘገዩ ፓኬቶች መጥተው ከአዲስ ግንኙነት ጋር እንዳይደባለቁ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በቴስታችን ቀድሞ የሚዘጋው ሰርቨሩ ስለነበር ፖርቱ ለአንድ ደቂቃ አይለቅም። ስለዚህ እንዲህ የቆየ አድራሻን ዳግም መጠቀም የሚፈቅደውን፣ ኤስኦ_ሪዩዝአድር የሚባለውን አማራጭ ሄልፐሩ ውስጥ አበራሁት። ቆይቶ ደግሞ ቋሚ ፖርቱን ጭራሽ ተውነው። ፖርት 0 ብሎ ባይንድ ማለት «አንተው ነፃውን ምረጥልኝ» ማለት ነው። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ይመርጣል፣ የመረጠውን ደግሞ ጌትሶክኔም ተብሎ ይጠየቃል። ቴስቶች ጎን ለጎን ሲሄዱ እርስ በርስ መጋጨታቸው ያን ቀን ቆመ። የኔትወርክ ቴስት የሚጽፍ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህቺን እንዳይረሳ እመኛለሁ።

ከዚያ ታይምአውት፣ የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ፣ መጣ። ያለ ታይምአውት የተሰቀለ ቴስት ዝም ብሎ ይሰቀላል። ፓኬቱ መንገድ ላይ የሚጣል ከሆነ ሊኑክስ ኮኔክት ሲል በነባሪው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ተስፋ እስኪቆርጥ ሁለት ደቂቃ ያልፋል። ለማንበብ የሚጠብቅ ሶኬት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ የማንበቢያውንም የመላኪያውንም ጊዜ 3 ሰከንድ አልን። ከዚያ አንዱ «እኔ 100 ሚሊሰከንድ ይበቃኛል» አለ፣ ሌላው በዘገምተኛ ማሽን ላይ 10 ሰከንድ ፈለገ። አንድ ፓራሜትር፣ በቅንፉ ውስጥ የሚሰጥ አንድ ዋጋ፣ ተጨመረ። ቀጥሎ ኖንብሎኪንግ፣ ቀጥሎ ሌላ። በየጊዜው የሚጨመረው አንድ ብቻ ነው። ማንም አንድ ጊዜ ተቀምጦ ሰባት ፓራሜትር ያለው ፈንክሽን አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። እየተንጠባጠበ ሞላ።

ሄልፐር ሲጻፍ ከኮዱ ይልቅ የሚደበቀው ውሳኔ ነው። ሪዩዝአድር መብራቱ ውሳኔ ነው። 3 ሰከንድ ውሳኔ ነው። የሊስን ወረፋ (አክሰፕት እስኪባሉ የሚጠብቁት ግንኙነቶች) ስንት ይሁን የሚለው ውሳኔ ነው። ቴስቱን የሚጽፈው ሰው እነዚህን አያያቸውም፤ ማየትም የለበትም፣ ቴስቱ ስለ እነሱ እስካልሆነ ድረስ። አማራጭ መጨመር ማለት ከተደበቁት ውሳኔዎች አንዱን አውጥቶ ለቴስቱ ባለቤት መመለስ ነው። የትኛው ይመለስ፣ እንዴት ይመለስ፣ በተለይ ደግሞ መቼ ይመለስ? እኔ መቼ የሚለውን ነበር ጨርሶ ያላሰብኩበት።

አሁን ወደዚያ አረንጓዴ ቴስት ልምጣ።

የምንሠራው ፕሮግራም ለክላየንቶች ውሂብ ይልካል። ተቀባዩ ዘገምተኛ ከሆነ የላኪው ባፈር፣ ውሂቡ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ይሞላል። ሶኬቱ ኖንብሎኪንግ ስለሆነ ከርነሉ «አሁን ቦታ የለም፣ ቆይተህ ሞክር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህ ስህተት ኢ-አጌን ይባላል። ፕሮግራሙ ያን ጊዜ የቀረውን ውሂብ ይዞ መጠበቅ አለበት። ቦታ ሲገኝ ካቆመበት ባይት ይቀጥላል። አንድ ባይት ቢዘል ወይም ቢደግም ክላየንቱ ጋ የሚደርሰው የተበላሸ ነገር ነው። ስለዚህ ለዚህ ቦታ ቴስት ነበረን። የተቀባዩን ባፈር 4096 ባይት ያደርገዋል፣ 32 ኪሎባይት ይልካል፣ ላኪው መሃል ላይ እንዲቆም ያደርጋል፣ ከዚያ ተቀባዩ ማንበብ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ 32 ኪሎባይቱ ሳይጎድል መድረሱን ያያል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ሄልፐሩን ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱ ቴስት በትክክል የሚይዝ መሆኑን ማየት ፈለግኩ። ስለዚህ ከዋናው ኮድ ውስጥ «ካቆምክበት ቀጥል» የምትለዋን መስመር ሰረዝኳት። ቴስቱ መቅላት ነበረበት።

አረንጓዴ ሆነ።

እንደገና አስኬድኩት። አረንጓዴ። ያልተቀመጠ ፋይል ይኖር ይሆን ብዬ ሁሉንም ከዜሮ ቢልድ አደረግኩ። አረንጓዴ። ሆዴ ተንቦጨቦጨ። ያቺ መስመር ብትጠፋ ሰው ጋ የሚደርሰውን ጉዳት አውቀዋለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቴስቱ የሚጠቀመው «የተገናኘ ጥንድ አምጣ» የሚለውን ሄልፐር ነው። ይህ ሄልፐር ሶኬት ይፈጥራል፣ ባይንድ ይላል፣ ሊስን ይላል፣ ኮኔክት ይላል፣ አክሰፕት ይላል፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ያስረክባል። ቴስቱ ጫፎቹን ከተረከበ በኋላ ነው የተቀባዩን ባፈር 4096 የሚያደርገው። ግን ያኔ አልፏል። ቲሲፒ ሲጨባበጥ ተቀባዩ «ይህን ያህል ልትልክብኝ ትችላለህ» ብሎ መስኮቱን አሳውቆ ጨርሷል። አንዴ የተሰጠ መስኮት ወደ ኋላ እንዲሰበሰብ ደግሞ ቲሲፒ አይመክርም። የሊኑክስ ማንዋል በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የባፈር መጠን በግንኙነቱ ላይ ውጤት እንዲኖረው ከሊስን ወይም ከኮኔክት በፊት መሰጠት አለበት ይላል። የላኪውን ባፈር ደግሞ ማንም አልነካውም ነበር፤ ካልነኩት ሊኑክስ እንደ ሁኔታው ራሱ ያሰፋዋል። 32 ኪሎባይቱ በአንድ ትንፋሽ ተዋጠ። ላኪው አንድም ጊዜ አልቆመም። ኢ-አጌን የሚባል ነገር አልመጣም። ቴስቱ ስለ መቆም ተጽፎ መቆምን አይቶ አያውቅም።

የሶኬት አማራጭ የሚሰጥበት ጥሪ፣ ሴትሶክኦፕት፣ ምንም ስህተት አልመለሰም ነበር። ጥሪው ተሳክቷል። ቁጥሩም ተቀይሯል። የጠፋው ውጤቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የሶኬት አማራጮች ጊዜ አላቸው። አንዳንዱ መቼም ቢሰጥ ግድ የለውም፤ ትንንሽ ፓኬቶችን የማጠራቀም ልማድን የሚያጠፋው ቲሲፒ_ኖዲሌይ እንደዚያ ነው፣ ግንኙነቱ መሃል ላይ እንኳ ይበራል ይጠፋል። ሪዩዝአድር ከባይንድ በፊት ካልሆነ አይጠቅምም። አይፒቪ6 ብቻ ይሁን፣ አይፒቪ4ንም ይቀበል የሚለው አማራጭም ከባይንድ በፊት ነው የሚሰጠው። እሱ ግን ደግ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ከባይንድ በኋላ ሊቀይሩት ቢሞክሩ ስህተት ይመልሳል። ይጮሃል። የሚጮህ አማራጭ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እንደ ባፈሩ እሺ ብሎ ዝም የሚለው ነው።

የእኛ ሄልፐር ደግሞ ከሶኬት እስከ አክሰፕት ያለውን ጠቅልሎ በአንድ እስትንፋስ ይጨርሰዋል። ከሶኬት መፈጠር እስከ ባይንድ ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ማንም እጁን ማስገባት አይችልም ነበር። ቴስቱ ቢፈልግም በሩ ዝግ ነው። የጻፈው ሰው ባገኘው በር ገባ፤ እሱም የኋላው በር ነበር።

ስለዚህ ሥራው ሰባቱን ፓራሜትር በስም መጥራት ብቻ መሆኑ ቀረ። ያቺን ክፍተት መክፈት ሆነ።

የስሙን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አማራጮቹን ሁሉ አንድ ስትራክት ውስጥ፣ ፊልድ የሚባሉ ስም ያላቸው ክፍሎች በአንድነት በሚያዙበት ጥቅል ውስጥ፣ ሰበሰብኳቸው። ሄልፐሩ የአድራሻውን ዓይነትና ወደ ስትራክቱ የሚያመለክት አንድ ፖይንተር (የማስታወሻ አድራሻ) ይቀበላል። ምንም የተለየ ነገር የማይፈልግ ቴስት ነል፣ ወደ ምንም የማያመለክት ባዶ ፖይንተር፣ ይሰጣል። ከሲ99 (ከሲ ቋንቋ የ1999 እ.ኤ.አ. ደረጃ) ወዲህ ስትራክትን በፊልድ ስም መሙላት ይቻላል፤ ያልተጠራው ፊልድ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ታይምአውት ብቻ መቀየር የሚፈልግ ቴስት ታይምአውት የሚለውን ስም ብቻ ይጽፋል። ነገ ስምንተኛ ፊልድ ቢጨመር የድሮዎቹ ቴስቶች አይነኩም። በፓራሜትር ዘመን አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ወደ 60 የሚጠጉ ቦታዎች ላይ ፎልስ እየጨመርን እንዞር ነበር።

ዜሮ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። ያልተጠራው ሁሉ ዜሮ ከሆነ፣ ዜሮ ማለት «እንደ ድሮው» ማለት መሆን አለበት። ይህ ሲናገሩት ቀላል ነው። ሪዩዝአድር በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ የበራ ነው። ፊልዱን «ሪዩዝአድር» ብዬ ብሰይመው ዜሮ ማለት ጠፍቷል ማለት ይሆናል፤ ስሙን ያልጠሩት ቴስቶች ሁሉ በአንድ ሌሊት ባህሪያቸው ይቀየራል። ስለዚህ «ሪዩዝአድርን አጥፋ» የሚል ስም ሰጠሁት። በአሉታ የተሰየመ ፊልድ አልወድም፤ ሲነበብ ጭንቅላት ያዞራል። ግን ዝም ያለ ሰው የድሮውን ማግኘት አለበት።

ታይምአውት ላይ ዜሮ ሌላ ጣጣ አለው። ለከርነሉ የማንበቢያ ታይምአውት ዜሮ ማለት «ለዘላለም ጠብቅ» ነው። ለእኛ ስትራክት ዜሮ ማለት «ነባሪው 3 ሰከንድ» ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። ኮዱን ሌላ ሰው በሚያይበት በሪቪው ላይ አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ለዘላለም መጠበቅ የፈለገ ቴስት ምን ይበል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት። መልሴ «አይበል» ነበር። ለዘላለም የሚጠብቅ ቴስት ሲበላሽ ምንም አይናገርም። ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ ይቆይና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ነገር መጥቶ ሁሉንም አብሮ ይገድለዋል። የትኛው ቴስት፣ የቱ መስመር፣ የትኛው ወገን እንደጠበቀ የሚነግር የለም። በ3 ሰከንድ የወደቀ ቴስት ግን ስሙን ተናግሮ ይወድቃል። ይህን መንገድ ሆን ብዬ ዘጋሁት፣ ምክንያቱንም ከፊልዱ አናት ላይ በኮመንት ጻፍኩ።

የሊስን ወረፋ ላይ ግን ዜሮ አሸነፈኝ። አንድ ቴስት ወረፋው ሲሞላ የሚሆነውን ይፈትናል፤ የሚፈልገውም በትክክል ዜሮን ነው። ዜሮ ትክክለኛ ዋጋ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ዜሮ ሲባል አንድ ግንኙነት ወረፋ ውስጥ ያስገባል። በስትራክቱ ግን ዜሮን ከዝምታ መለየት አይቻልም። ሌላ ምልክት ላድርግለት፣ አንድ ተጨማሪ ቡሊያን ላስገባ እያልኩ ጥቂት ተንገላታሁ። ከዚያ ተውኩት። ያ ቴስት ሶኬቱን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ሊስን ይላል። አሥር የማይሞላ መስመር ነው። ስለ ሊስን ወረፋ የተጻፈ ቴስት ሊስን የምትለዋን መስመር በግልጽ ቢያሳይ ለአንባቢው ይሻላል። ሁሉም ቴስት ሄልፐሩን መጠቀም አለበት የሚል ሕግ የለም፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ እንዳለ አድርጌ ነበር የምሠራው።

አሁን ወደ ክፍተቷ።

ለባፈሩ ሁለት ፊልድ መጨመር እችል ነበር፤ አንዱ ለመቀበያ፣ አንዱ ለመላኪያ። ግን ነገ ሌላ ሰው ሌላ አማራጭ ይፈልጋል። የሶኬት አማራጮች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱን ፊልድ ካደረግነው ስትራክቱ የከርነሉ ማንዋል ግልባጭ ይሆናል። ስለዚህ ከፊልድ ይልቅ ኮልባክ አስገባሁ። ቴስቱ አንድ ትንሽ ፈንክሽን ይሰጣል። ሄልፐሩ ሶኬቱን ከፈጠረ በኋላ፣ ባይንድም ኮኔክትም ከማለቱ በፊት፣ ያቺን ፈንክሽን ይጠራታል፣ ሶኬቱንም ያቀብላታል። እሷ የፈለገችውን አማራጭ ትሰጠዋለች። ስህተት ከመለሰች ሄልፐሩ ዘግቶ ይወጣል። ከኮልባኩ ጎን ደግሞ ቴስቱ የራሱን ውሂብ የሚያሳልፍበት አንድ ፖይንተር አለ።

ይህን እኔ አልፈለሰፍኩትም። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ፣ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ከርነሉ ውስጥ የሚያስኬደው የቢፒኤፍ ቴስቶች የሚጋሩት ኔትወርክ_ሄልፐርስ የሚባል ፋይል አለ። እዚያም አማራጮቹ በአንድ ስትራክት ናቸው፤ ታይምአውት አለ፣ ፕሮቶኮል አለ፣ ሶኬቱ እንደተፈጠረ የሚጠራ ኮልባክም አለ። ታይምአውቱ ካልተሰጠ እዚያም 3 ሰከንድ ነው። የኮልባኩን ሐሳብ ያገኘሁት እሱን ሳነብ ነው። ሳየው ደስ አለኝ። ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎችም ያችኑ ጠባብ ቦታ ላይ ደርሰው በሩን እዚያው ከፍተውታል።

ቴስቱን በኮልባክ አስተካከልኩት። ሁለቱም ወገን ገና ከመጨባበጣቸው በፊት ባፈራቸው ይወሰናል። እዚህ ላይ ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ማረጋገጫ ጨምሬ ነበር፤ «4096 ሰጥቻለሁ፣ ስጠይቅ 4096 ይመልስልኝ» የሚል። ወደቀ፤ 8192 አገኘ። ሊኑክስ የሰጡትን የባፈር መጠን በእጥፍ ያደርገዋል፤ ግማሹን ለራሱ መዝገብ አያያዝ ይፈልገዋል። ሲጠየቅም እጥፉን ነው የሚመልሰው። ማረጋገጫውን «ቢያንስ 4096» ወደሚል ቀየርኩት። ከዚያ ሌላ ማረጋገጫ ጨመርኩ፣ ከሁሉም በላይ የምወደውን፦ ላኪው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኢ-አጌን ማየቱን። ቴስቱ ከእንግዲህ መቆምን ሳያይ አያልፍም።

ያቺን «ካቆምክበት ቀጥል» የምትል መስመር እንደገና ሰረዝኳት። ቀላ። መለስኳት። አረንጓዴ ሆነ። ከወንበሬ ተነስቼ ጥቂት ተንጎራደድኩ።

የቀሩት አማራጮች ይህን ያህል አላደከሙኝም፤ አንዱን ግን ማንሳት አለብኝ። አንዳንድ ቴስት የሚፈልገው ኮኔክት እንዲወድቅ ነው። ፋየርዎሉ መከልከሉን የሚፈትን ቴስት ግንኙነቱ ቢሳካ ነው ችግሩ። የድሮው ሄልፐር ግን ኮኔክት በወደቀ ቁጥር የስህተት መልእክት ያትማል፣ ሎጉ ደግሞ ባልተበላሸ ነገር ቀይ ይሆናል። «መውደቅ አለበት» የሚል ፊልድ ጨመርኩ። ሲሞከር ሌላ ጉድ ወጣ። ቴስቱ የወደቀበትን ምክንያት ከኤርኖ (የመጨረሻው ስህተት ቁጥር ከሚቀመጥበት) ላይ ሊያነብ ይፈልጋል፤ ክልከላ ነው ወይስ ታይምአውት? ሄልፐሩ ደግሞ ሶኬቱን ዘግቶ ነው የሚመለሰው፤ መዝጋቱ ራሱ ኤርኖን ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤርኖን ያዝ፣ ዝጋ፣ መልሰህ አስቀምጥ። ሦስት መስመር ናት። ያለ እሷ ግን ቴስቱ የሚያየው ምክንያት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

እምቢ ያልኩትም አለ። «ካልተሳካ ስንት ጊዜ ይሞክር» የሚል ፊልድ ተጠይቄ ነበር። አልጨመርኩም። ሰርቨሩ ሊስን ካለ በኋላ በሉፕባክ (ማሽኑ ከራሱ ጋር በሚገናኝበት አድራሻ) ላይ የሚደረግ ኮኔክት በሁለተኛው ሙከራ የሚሳካበት ጤነኛ ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛ ሙከራ ያስፈለገው ቴስት ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው። ሙከራ ብንጨምርለት መዛባቱ ይሸፈናል እንጂ አይድንም። ጠያቂው ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ሰርቨሩ የሚጀምረው በሌላ ትሬድ፣ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ ሥራ፣ ነበር፤ ሊስን ሳይል ክላየንቱ ይቀድመዋል። ሊስኑን ወደ ዋናው ትሬድ ስናመጣው ፊልዱ አላስፈለገም።

በሽግግሩ ጊዜ አንድ ደንብ ለራሴ አወጣሁ። ፊልድ ብቻውን አይገባም። ከሚጠቀምበት ቴስት ጋር በአንድ ኮሚት (በአንድ ተመዝጋቢ የኮድ ለውጥ) ይገባል። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» የሚል ፊልድ ማንም ሳይፈትነው ይሻግታል፤ ከዓመት በኋላ የሚጠቀምበት ሰው ሲመጣ አይሠራም። የድሮው ባለሰባት ፓራሜትር ፈንክሽንም ወዲያው አልጠፋም። በውስጡ አዲሱን እንዲጠራ አድርጌ አቆየሁት፣ ቴስቶቹን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። እያንዳንዱን ሳዞር ፎልሶቹን በስም መጥራት ነበረብኝ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ነባሪውን ነበር የሚደግሙት። ጥሪው አጠረ። ሰባት ነገር የነበረበት ቦታ አንድ ስም፣ አንዳንዴም ነል ብቻ ቀረ። የቴስቱ ልዩ ነገር ምን እንደሆነ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል።

አንድ ቴስት ሲዞር ያየሁትን ደግሞ ላንሳ። ኖንብሎኪንግ የሚለው ፊልድ የማን ነው? የሚያዳምጠው ሶኬት ወይስ በአክሰፕት የሚወለደው? ሊኑክስ ላይ የሚወለደው ኖንብሎኪንግነትን አይወርስም፤ በቢኤስዲ ወገን ባሉት ላይ ግን ይወርሳል። የድሮው ፎልስ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ማንም አላሰበበትም። አንድ ቴስት በአንዱ ማሽን አልፎ በሌላው የሚሰቀለው ለዚህ ነበር። አሁን ሁለት ፊልድ ሆነዋል፤ አንዱ ለአዳማጩ፣ አንዱ በአክሰፕት ለሚወለደው። የባልደረባዬ ጥያቄ፣ «ይህቺ ሁለተኛዋ ፎልስ ምንድን ናት?» የሚለው፣ እኔ ከመለስኩላት በላይ ጥልቅ ነበር። እኔ ራሴ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው።

ባለፈው ሳምንት ሪቪው ላከችልኝ። ተቀባዩ መሃል ላይ በድንገት ሲዘጋ ፕሮግራማችን ምን እንደሚያደርግ የሚፈትን አዲስ ቴስት ነው። የተቀባዩ ሶኬት ሲዘጋ በስንብት ፈንታ ሪሴት (ግንኙነቱን በድንገት የሚቆርጥ መልእክት) እንዲልክ ሊንገር የሚባለውን የአዘጋግ አማራጭ ከዜሮ ሰከንድ ጋር አብርታዋለች፤ በኮልባክ ሰጥታዋለች። «ፊልድ ልጨምርለት አስቤ ነበር፣ ግን የሚጠቀምበት የእኔ ቴስት ብቻ ስለሆነ ተውኩት» ብላ ከሥሩ ጽፋለች። ጥሪዋ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለበት። ፋይል መክፈት አላስፈለገኝም፣ መቁጠርም አላስፈለገኝም።

ከኮሚቱ ጋር የሁለት ሙከራ ውጤት አያይዛለች። ለመጀመሪያው የፕሮግራሙን አንድ መስመር ሆን ብላ አጥፍታ ነው ያስኬደችው፤ የትኛዋን እንዳጠፋች ጽፋዋለች። እሱ ቀይ ነው። ሁለተኛው መስመሯ ከተመለሰች በኋላ ነው።